ሁለቴ የረገጥኩት ፍሬን

አምቦ ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሰው እንኳ ታሪኬን ያውቃል። "ቀይዋን መኪና ያስመለጠው መካኒክ" ማለት እኔ ነኝ። ወጣቶቹ ስልካቸውን ይዘው ጋራዤ ድረስ ይመጡና የእሷን ዓይነት መኪና ፎቶ እየገለጡ ያሳዩኛል። ፈረንጆቹ እንደ ልጅ ሲያጥቧት፣ በሰልፍ ሲያሳዩዋት፣ በጨረታ ሲሻሙባት።

"ጋሽ አበራ፣ ይቺን ነው አልፈልግም ብለህ የመጣኸው?"

"ይቺኑ።"

"ምን ነክቶህ ነው ግን?"

"እኔ እንጃ። ዕድል ሲያልፍ ዓይን ይጋርዳል" እላለሁ፤ አብሬያቸውም እስቃለሁ።

እውነቱን ለመናገር ይቆጨኛል። የሚቆጨኝ ግን እነሱ በሚስቁበት ምክንያት አይደለም። መኪናዋን ከተውኳት በኋላ በነበሩት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማድረግ ሲገባኝ ያላደረግኩት ነገር አለ። እስካለፈው ወር ድረስ ለሰው ተንፍሼው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ ለምታነቡኝ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ። ፍረዱኝ አልላችሁም፤ የሚፈርዱት ሰዎች ሌሎች ናቸው።

ነገሩ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ጋራዤ ወደ ሸነን በሚወጣው መንገድ ዳር ነው፤ ዛሬም እዚያው ነው። በፍሬን ሥራ ስም ነበረኝ። የሚኒባስ ሾፌሮች "የፍሬን ሐኪም" ይሉኝ ነበር። መኪና ሲያቆሙልኝ እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳርፌ ብቻ በሽታውን እናገራለሁ። ይህ ስም ልቤን አሳብጦት ነበር። ኩሩ ነበርኩ፤ ከኩራትም የከፋው፣ መሸነፍ አልወድም ነበር።

ስለ ቀይዋ መኪና ገና መፍቻ አቀባይ ሳለሁ ጀምሮ እሰማለሁ። ሸነን አካባቢ ኦቦ ገለታ የሚባሉ ሽማግሌ በረት ውስጥ የአሜሪካ መኪና አስቀምጠዋል ይባላል። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ስምንት ሲሊንደር። በንጉሡ ጊዜ አንድ ፈረንጅ መምህር ይነዳት ነበር፤ ኦቦ ገለታ ያኔ የእሱ ሠራተኛ ነበሩ። ዘመኑ ሲለወጥ ፈረንጁ ቁልፉን እጃቸው ላይ አስቀምጦ "እስክመለስ አደራ" ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። ኦቦ ገለታ አርባ ዓመት ጠበቁለት። ብዙ ሰው ሊገዛት ሄዶ "የሰው ዕቃ ነው" ተብሎ ተመልሷል።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ግን ወሬው ተለወጠ። የፈረንጁ ልጅ ደብዳቤ ልካለች፤ አባቷ ሞቷል፤ መኪናዋም የእርስዎ ናት ብላቸዋለች። የኦቦ ገለታ ባለቤት አዴ ድንቄ ደግሞ ዓይናቸውን ታመው መታከም አለባቸው። ስለዚህ ይሸጣሉ ተባለ። ይህን የሰማሁ ቀን ምሳ አልበላሁም። ሃያ ዓመት ሙሉ የተመኘኋት መኪና ናት።

የወላጆቼ አገር ሌላ ነው፤ አምቦ የመጡት በመንግሥት ሥራ ነው። ኦሮምኛዬ ለገበያ እንጂ ለሽማግሌ አይበቃም። ስለዚህ ቶለሳን "አብረኸኝ ና" አልኩት። ቶለሳ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ሰርግ ይቀርጻል፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥም ይዘምራል፤ ቀልዱ ሙት ያስቃል። ያን ጊዜ ሚስቱና አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ነበሩት። በእኔ ፒክአፕ ላይ አዲስ ባትሪ፣ ቤንዚን በጀሪካን፣ የጎማ መንፊያና የዕቃ ሳጥኔን ጭነን በማለዳ ወጣን። የማልገዛት መሆኑ በሐሳቤም አልነበረም።

ኦቦ ገለታ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው፤ አማርኛም ካሰብኩት በላይ ይችላሉ። "አካም ቡልተኒ" ብለው ሁለታችንንም ጨበጡንና ወደ በረቱ ወሰዱን። ማዳበሪያ ከረጢት አጋጥመው የሰፉትን ሽፋን ሲገፉት ወደ እሷ ተጠጋሁ። ቀለሟ እዚህም እዚያም ቢላጥም ቀይ ናት። ዝገት የለም። ከሥሯ ድንጋይ ደርድረው ጎማዎቿን ከመሬት አንሥተዋታል። በየአዲስ ዓመቱ ሞተሯን ያስነሡ እንደነበር ነገሩን።

"ነድተዋት ያውቃሉ?" አለ ቶለሳ።

"አደራ ይነዳል እንዴ?" አሉ፤ የገረማቸው ጥያቄው ነበር።

ከዚያ እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ሞተሩን አየሁ፣ መሪዋን አዞርኩ። ከመሪው ኋላ ተቀምጬ ፍሬኑን ረገጥኩት። ፔዳሉ ምንም ሳይከለክለው እስከ ወለሉ ወረደ። እንደገና ረገጥኩት። አሁን መሐል ላይ ያዘ፤ ከዚያ ግን እግሬ ሥር ቀስ እያለ መስመጥ ጀመረ። ቀና ስል ኦቦ ገለታ በበሩ በኩል ቆመው ያዩኛል። እግሬን ነበር የሚያዩት።

ወረድኩና ከሥሯ ተንጋልዬ በስልኬ መብራት አየሁ። ወደ ፊተኛው የግራ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ጎማ ቱቦ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ እርጥበት አለ። የዚያ ዘመን መኪኖች ለአራቱም ጎማ ያላቸው የፍሬን መስመር አንድ ነው፤ አንዱ ቱቦ ከተበጠሰ አራቱም ይጠፋሉ። የእጅ ፍሬኑ ሽቦም ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። በልቤ "በጭነት መኪና ጭኜ አወርዳታለሁ፤ ቱቦውን አዲስ አበባ አሠርቼ እቀይራለሁ" አልኩ። ቀላል ነገር ነበር።

ወጥቼ እጄን በጨርቅ ጠረግኩና ፊቴን አጠቆርኩት። ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ፊት ያውቀዋል። የፈለጉትን ነገር ያልፈለጉ መምሰል አለ አይደል? "ጎማዎቹ አልቀዋል፤ ቀለሙም ሄዷል፤ መለዋወጫዋ አገር ውስጥ አይገኝም" አልኩ። የፍሬኑን ነገር አላነሣሁም። እሱን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት፤ ጠርተውኝ ስመለስ ዋጋውን የምሰብርበት እሱ ነው ብዬ።

ኦቦ ገለታ ዋጋቸውን ተናገሩ። የተጋነነ አልነበረም፤ እንዲያውም ከፈራሁት ያነሰ ነበር። እኔ ግን ራሴን ነቀነቅኩ።

"አልፈልጋትም፤ ይቅርብኝ" አልኩና ወደ ፒክአፔ ሄድኩ።

ሻጭ ገዢውን ሦስት እርምጃ ሳይራመድ ይጠራዋል። አምቦ ቅዳሜ ገበያ ዶሮ የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተራመድኩ። አልተጠራሁም። በሩን ከፈትኩ፣ ጥቂት አመነታሁ፣ ወንበሩ ላይ የሌለ ነገር ፈለግኩ። አልተጠራሁም። ኦቦ ገለታ ነጋዴ አይደሉም። አርባ ዓመት በአንድ ቃል የኖሩ ሰው "አልፈልጋትም" ስላቸው እውነቴን ነው የመሰላቸው።

ቶለሳ እየሮጠ መጣ። ፊቱ በርቷል። "አቡ፣ የምርህን ነው? ካልፈለግካት እኔ ልውሰዳት? ለሙሽራ መኪና አስብ እስቲ! ከዚህ እስከ ነቀምቴ የሚወዳደረኝ የለም።"

በዚያች ሰዓት "ቀልዴን ነው፣ ለዋጋ ብዬ ነው" ብል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ሽማግሌው ግን ቆመው ይሰሙናል። ዋሾ ገዢ መሆኔ ሊገለጥ ነው። አፌ ቀደመኝ። "ውሰዳት፣ እኔ ምን ቸገረኝ" አልኩት።

ወሰዳት፤ ቀብድ ከፍሎ ቀሪውን ሊያመጣ ቃል ገባ። ኦቦ ገለታ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው በኦሮምኛ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ጎረቤቶች ተሰብስበው "ገድ ያድርግልህ" አሉት። ቶለሳ እንደ ሕፃን እየዘለለ ሁሉንም አቀፈ፤ እኔንም አቀፈኝ። ሃያ ዓመት የጠበቅኳትን መኪና ሊያስተረጉምልኝ የመጣው ሰው ይዟት ሊሄድ ነው።

ባትሪውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ቤንዚኑን የሞላሁት፣ ጎማዎቹን የነፋሁት፣ ካንዴላዎቹን የጠረግኩት እኔ ነኝ። የዕቃ ሳጥኔ ውስጥ አንድ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ነበር። በዘይት ቤቷ ውስጥ ሞላሁት። ልብ በሉ፤ ሞልቼዋለሁ። ለራሴ "ይኸው ረድቼዋለሁ" ልለው እንድችል ይመስለኛል። በዚያ ቱቦ ዘይት መሙላት በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው፤ ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ በአውራጃው ውስጥ አልነበረም።

ሞተሩ ሲነሣ የበረቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ቶለሳ ከመሪው ኋላ ሆኖ አንገቱን አወጣ።

"አቡ፣ ሐኪሙ አንተ ነህ። የምታውቀው ነገር አለ? ልንዳት?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አገራችን ውስጥ ሰው አዲስ ነገር ሲገዛ ክፉ አይነገርበትም። "ይባረክ፣ ገድ ያድርግልህ" ነው የሚባለው። በተመረቀ ዕቃ ላይ እንከን የሚያወራ ሰው ሟርተኛ ነው፤ ክፉው ቢደርስም የመጣው በእሱ አፍ ነው ይባላል። እኔ ደግሞ መኪናዋን ያጣሁ ሰው ነኝ። ብናገር ቀንቶ ነው ሊባል ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ። ከሥሩ ደግሞ የማላወራው ሌላ ነገር ነበር፦ "መንገድ ላይ ትቁምበትና ለምኖኝ ይምጣ" የሚል።

"ምንም የለባትም" አልኩ። "ብቻ ቀስ በል፤ ቁልቁለቱን በማርሽ ውረድ።"

ልንወጣ ስንል አዴ ድንቄ በነጭ ነጠላ ተሸፍነው፣ ትንሽ ዘንቢል ይዘው መጡ። አንድ ዓይናቸው ደመና ለብሷል። "አርባ ዓመት አቧራዋን ጠርጌላታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩባትም" አሉ በኦሮምኛ። ቶለሳ ወዲያው ወርዶ በሩን ከፈተላቸው። "አዴ፣ ዛሬ ሙሽራዬ እርስዎ ነዎት፤ አምቦ ሐኪም ቤት በር ድረስ ነው የማወርድዎ" አላቸው። አሮጊቷ እንደ ልጃገረድ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

"ከእኔ ጋር ቢሄዱስ? መቀመጫው ይሻላል" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ኦቦ ገለታ ግን መጥተው እኔ ጎን ተቀመጡ። "እኔ ከኋላ ሆኜ ስትሄድ ልያት። ቆማ እንጂ ሄዳ አይቻት አላውቅም" አሉኝ።

ጥቁር እንጭኒ እስክንደርስ መንገዱ ብዙም አይወርድም። ቀይዋ ከፊታችን አቧራ እያስነሣች ትሄዳለች። ሕፃናት ይሮጡላታል፤ የሚያርሱ ሰዎች በሬ አቁመው ያጨበጭባሉ። ኦቦ ገለታ በዝምታ ያዩዋታል፤ አልፎ አልፎ "ኣ!" ይላሉ። እኔ የማየው የኋላ መብራቶቿን ነበር። አይሠሩም። ቶለሳ ፍሬን ይያዝ አይያዝ ላውቅ አልችልም።

ጥቁር እንጭኒ ላይ ሻይና ዳቦ ልንቀምስ ቆምን። ስትቆም ከሚገባው በላይ አለፍ ብላ ቆመች፤ ቶለሳ እየሳቀ "ጎረምሳ ናት" አለ። ሌሎቹ ሲገቡ እኔ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ። የፊተኛው የግራ ጎማ ውስጡ ረጥቧል። ከአቧራው ጋር ተለውሶ ጭቃ ሆኗል። የዘይት ቤቷን ክዳን ብከፍት ግማሽ እንደማላገኝ አውቅ ነበር።

ገባሁና ሳልቀመጥ "ቶለሳ፣ መኪናዋ እዚህ ብታድር ምን ይመስልሃል? ነገ መጥቼ በደንብ ባያት" አልኩት።

ሻዩን አስቀመጠና አየኝ። ከዚያ ሳቁ መጣ። "አታሟርት እንጂ አቡ! ስላመለጠችህ ነው አይደል? ተናዘዝ!" ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። አዴ ድንቄም ምን እንደተባለ ሳያውቁ አብረው ሳቁ።

ጆሮዬ ጋለ። ትንሽ ነገር ነበር የቀረኝ፤ "ፍሬን የላትም" ማለት ብቻ። ሦስት ቃል እንኳ አትሞላም። እኔ ግን "እንደ ወደድክ" ብዬ ተቀመጥኩና ሻዬን ጠጣሁ። የዚያ ሻይ ጣዕም ዛሬም አፌ ውስጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁልቁለቱ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ የተቆረጠ አፈር። ገና መውረድ ሳንጀምር ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ታየኝ። ክላክስ ነፋሁ። መብራት አበራሁ፣ አጠፋሁ። አሁን ላስቆመው ቆርጬ ነበር፤ ቀናተኛም ይበሉኝ፣ ሟርተኛም ይበሉኝ ብዬ።

ቶለሳ ሰርግ ቀራጭ ነው። ከኋላው የሚነፋ ክላክስ ለእሱ አጃቢ ነው። እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበልኝና በሰርገኛ ምት መለሰልኝ። ጲ፣ ጲ፣ ጲጲጲ! እኔ በነፋሁ ቁጥር እሱ ይመልሳል።

"ሰርግ አስመሰላችሁት" አሉ ኦቦ ገለታ፤ ፈገግ ብለው።

ልቀድመው ሞከርኩ፤ መንገዱ ጠባብ ነው፤ አቧራው አያሳይም። በድንገት በእኛና በእሷ መካከል ያለው ርቀት ሰፋ። ሄደች። በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ሰፍታ ዞረች። የቶለሳ እጅ ወደ ውስጥ ገባ። የሰርጉ ክላክስ ቆመ፤ ከዚያ ደግሞ ያለ ምት፣ ሳያቋርጥ ይጮኽ ጀመር።

ኦቦ ገለታ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። "ለምን ፈጠነ?"

መልሱን በመላው ዓለም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ለምን ፈጠነ?"

"እንጃ" አልኩ።

በሁለተኛው ጥምዝ ላይ ቶለሳ ገደሉን ሸሽቶ ወደ ቀኙ አፈር ሰጣት። ብልህ አደረገ፤ ሌላ ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር። ግን ፍጥነቷ በዝቶ ነበር። አፈሩን ወጥታ ተገለበጠች፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በቀስታ አንድ ጊዜ እንደገና። እኛ ስንደርስ አንዱ ጎማ ገና ይዞር ነበር። ክላክሱ አልቆመም። ሽቦውን በጥሼ ያቆምኩት እኔ ነኝ።

ቶለሳ በሕይወት ነበር፤ እግሩ ከመሪው ሥር ተጨፍልቋል። አዴ ድንቄ ነጠላቸው እንኳ አልተበላሸም። የተኙ ይመስሉ ነበር። ኦቦ ገለታ መንገዱ ላይ ተቀምጠው የሚስታቸውን ጭንቅላት ጭናቸው ላይ አደረጉና አቧራውን ከፊታቸው በጣታቸው ጠረጉላቸው። አልጮኹም። ቀና ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ።

ቶለሳን ፒክአፕ ላይ ስጭነው እጄን ይዞ "ቀስ በል ብለኸኝ ነበር" አለኝ። "አቡ፣ ቀስ በል ብለኸኝ ነበር።"

እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሊመረምር የመጣው ትራፊክ ፖሊስ "አንተ መካኒክ ነህ፤ ፍሬኑ ከመነሻው ችግር ነበረበት?" ብሎ ጠየቀኝ። "ያረጀ የጎማ ቱቦ ነው፤ ድንገት ይበጠሳል" አልኩት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

በእኛ አገር የሰው ሕይወት ሲጠፋ፣ በስህተትም ቢሆን፣ ጉማ አለ። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ያጠፋው ጥፋቱን ያምናል፤ የሟች ወገን ይቅር ይላል። ቶለሳ በክራንች ቆሞ ጥፋተኛነቱን ሲያምን ከኋላው ቆሜ ትከሻውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ የሚደግፈው ሰው ይዞ መምጣት ስላለበት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "በዚህ ደም ውስጥ እጁ ያለበት ሌላ ሰው አለ?" ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። ኦሮምኛዬ ለዚህ ይበቃ ነበር። ቶለሳ ግን ከእኔ ቀደመ። "ሌላ የለም፤ ፈጥኜ የነዳሁት እኔ ነኝ" አለ። ኦቦ ገለታ ይቅር አሉት። ሲሉት የሚያዩት ግን እሱን አልነበረም፤ በትከሻው ላይ አልፈው እኔን ነበር።

ቶለሳ ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዘም። ካሜራውን ሸጠ፤ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ከፈተ። መዘምራኑንም ተወ፤ "በሰው ነፍስ የተጠየቀ አፍ ምን ብሎ ይዘምራል?" አለኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሸነን ይሄዳል፤ ኦቦ ገለታ ቤት ተቀምጦ ይመለሳል። እኔ አንድም ቀን አብሬው አልሄድኩም። ሁልጊዜ ሥራ ይበዛብኛል።

ያለፈው ወር ልጁን ሲፈንን ይዞ ጋራዤ መጣ። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው። "አንተ አስተምራት" አለኝ። እሷም "ጋሽ አበራ፣ አባዬ ሁሌ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፤ 'የእሱን ቃል ባለመስማቴ ሰው ገደልኩ፣ አንቺ ስሚው' ይላል" አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው የተናገረችው፤ ምስጋና መስሏት።

መፍቻውን አስቀመጥኩ። ልጅቷን ውኃ ግዢልኝ ብዬ ላክኋትና ለቶለሳ ሁሉን ነገርኩት። ፔዳሉን ሁለቴ መርገጤን፣ ቱቦውን፣ የእጅ ፍሬኑን፣ ጥቁር እንጭኒ ላይ ያየሁትን እርጥበት፣ ለምን ዝም እንዳልኩ። ከመሐል አላቋረጠኝም። ስጨርስ ክራንቹን ፈልጎ ተነሣ። በር ላይ ሲደርስ ጀርባውን እንደ ሰጠኝ "ዘጠኝ ዓመት" አለ። ሄደ።

በማግስቱ ብቻዬን ሸነን ወጣሁ። ኦቦ ገለታ አርጅተዋል፤ በረቱ ባዶ ነው። ጉልበታቸው ሥር ወድቄ ተናገርኩ። ሲሰሙኝ ፊታቸው አልተለወጠም።

"አይቼሃለሁ" አሉ። "ሁለቴ ስትረግጠው አይቼሃለሁ። አንዴ የረገጠ ሰው እየሞከረ ነው። ሁለቴ የረገጠ አውቋል።"

"ታዲያ ኦቦ፣ ለምን አልጠየቁኝም?"

"ጠይቄሃለሁ እኮ። ለምን ፈጠነ ብዬህ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩህ። እንጃ አልከኝ።" አሉ። "ያንን መልስ ነው ስጠብቅ የኖርኩት። እኔ እንኳ ባየሁት ነገር ዝም አልኩ፤ ሐኪሙ ካልተናገረ ደህና ናት ብዬ። ዋቀዮ ሁለታችንንም ይመልከተን።"

ከዚያ ፍርዳቸውን ተናገሩ። ቶለሳ ያኔ የቆመበት ቦታ የእኔ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደገና ይቀመጣሉ፤ እሱ ከዚያ ደም ይወጣል፣ እኔ እገባለሁ። ቀኑ ይህ የሚመጣው ቅዳሜ ተባለ። "ከኋላህ የሚቆም ሰው ይዘህ ና" አሉኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ ሐሙስ ማታ ነው። ስለ ዕውቀት የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ አጭር ነው። አንድ ነገር የምታውቁ ሰዎች፣ ሐኪም ሁኑ መምህር፣ አናጢ ሁኑ መካኒክ፣ የእናንተን ዝምታ ሰው እንደ "ደህና ነው" ይሰማዋል። ሟርተኛ መባል ይሻላል። ቀናተኛ መባል ይሻላል። ምርቃቱ መሐል ገብታችሁ ተናገሩ፤ ጸሎቱን አቋርጡ። እኔ ሁለት ጥሩ አጋጣሚ ነበረኝ፣ ሁለቱንም ለኩራቴ ከፈልኳቸው። ፎቶ የምታሳዩኝ ልጆችም፣ ከእንግዲህ ምን ነክቶህ ነው ስትሉኝ የምመልስላችሁ ይህንን ነው።

ከኋላዬ የሚቆም ሰው ግን አልነበረኝም። ማንን ልጠይቅ? ሁሉን ማስረዳት አለብኝ፤ የሰማኝም ሁሉ ሥራ በዛብኝ ይለኛል፤ እኔ እንዳልኩት።

ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ቶለሳ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም።

ሰላምታ አልሰጠኝም። "ቅዳሜ ሸነን የምንሄደው በአንተ ፒክአፕ ነው?" አለ።

"የምንሄደው?" አልኩ።

"ፍሬኑ እንዴት ነው?"

"ደህ..." ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። "ቆይ፣ ልይ።"

ስልኩን ሳልዘጋ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ገባሁ፣ ረገጥኩ። ደግሜ ረገጥኩ። ወርጄ ከሥሯ ተንጋለልኩ፤ አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ አየሁ። ጊዜ ወሰደብኝ። ሲመስለኝ ሩብ ሰዓት ያህል። ስልኩን ሳነሣ አልዘጋም ነበር፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"የኋላው የቀኝ ያንጠባጥባል" አልኩት። "ትንሽ ነው። ግን በዚህ አንሄድም።"

"እሺ" አለ ቶለሳ። "ጠግነህ ና።"